የልብ መድኃኒት፣ እንቅልፍና ቅዠት
(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ወርኃዊ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ በሕክምና መጻሕፍት ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ የማይሰጠው ነው። ቤታ ብሎከር ስለተባሉት የልብ መድኃኒቶች የሚያወሳ ማንኛውንም የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ብትገልጡ፣ በጎንዮሽ ጉዳቶቹ ዝርዝር ማብቂያ አካባቢ «የእንቅልፍ መዛባት፣ ደማቅ ሕልም፣ ቅዠት» የሚል ታገኛላችሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህን መስመር በሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ተማሪዎቼም በደብተራቸው ሲገለብጡ፣ ወዲያውም ወደሚቀጥለው ርእስ ስንሻገር ኖረናል። ቆም ብዬ እንዳነበው ያስገደደኝ አንድ ታካሚ ነው።

ታካሚው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 67 ነበር። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይወጋቸው ስለ ነበር ተመርምረው የልብ ደም ሥር መጥበብ ተገኘባቸው። ከአስፕሪንና ከኮሌስትሮል መቀነሻው ጋር ሜቶፕሮሎል 50 ሚሊ ግራም፣ ጧትና ማታ፣ ታዘዘላቸው። ውጋቱ ለቀቃቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሕልም ጀመራቸው። «ሕልም የምለው ሌላ ቃል ባጣለት ነው» አሉኝ ኋላ፤ «ከእውኑ ይልቅ የደመቀ ነበር።» ከብዙ ዓመታት በፊት የሞተ ታናሽ ወንድማቸው ከሞላ ወንዝ ማዶ ቆሞ በስማቸው ይጠራቸዋል። ወደ ውኃው ይገባሉ፤ ውኃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ በላብ ተዘፍቀው ይነቃሉ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ያው ይመለሳል።

ሙት ሲጠራ ማየት በአገራችን ምን ተብሎ እንደሚፈታ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም። ጎረቤት ፈታላቸው። ባለቤታቸው ጠበል ይግቡ አሉ። እርሳቸው ራሳቸው፣ የተማሩና አስተዋይ ሰው ስለሆኑ፣ ነገሩ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ የመጣ መሆኑን አላጡትም፤ ይሁን እንጂ መድኃኒት ሕልም ያመጣል ብሎ የነገራቸው አንድም ሰው ስላልነበረ ግምታቸውን ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱ ፍቺዎች እጅግ የተለያዩ ቢሆኑም ወደ አንድ ድርጊት አደረሷቸው። የመንፈስ ነገር ከሆነ ጠበሉ እስኪፈጸም መድኃኒቱ ይቆይ፤ የመድኃኒቱ ነገር ከሆነም መድኃኒቱ ይቅር። መድኃኒቱን በአንድ ሌሊት አቆሙ። ሕልሙ በእርግጥ ቀለለ። በአምስተኛው ቀን ግን ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዘው ወደ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ የልባቸው ጡንቻ በከፊል ተጎድቶ ነበር። ተርፈዋል። መድኃኒቱን ካዘዙላቸው፣ ካደሏቸውና ክትትል ካደረጉላቸው ባለሙያዎች መካከል ስለ እንቅልፍ የጠየቃቸው አልነበረም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ያ አምስተኛ ቀን እንዲሁ የመጣ አይደለም። ቤታ ብሎከር አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በልብ ላይ የሚያርፉባቸውን ቤታ ተቀባዮች ይዘጋል። በሩ ለረዥም ጊዜ ሲዘጋበት ሕዋሱ በበኩሉ ተጨማሪ በሮች ይከፍታል፤ የተቀባዮቹ ቁጥር ይበዛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ እነዚያ ሁሉ በሮች ባንድ ጊዜ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ የልብ ምት ከቀድሞውም ይልቅ ይፈጥናል፤ ደም ሥሩ የጠበበበት ልብ የሚፈልገውን ኦክስጅን ያጣል። ቤታ ብሎከር፣ በተለይ የልብ ደም ሥር ሕመም ባለበት ሰው፣ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ቀን እንዳይቆም የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ቅዠት የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሰውን ከመድኃኒቱ የሚያባርር ከሆነ የልብ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልለፍ። የመጀመሪያው በስፋት ጥቅም ላይ የዋለ ቤታ ብሎከር ፕሮፕራኖሎል ሲሆን፣ የሠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ነው፤ ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የብላክ ሐሳብ ቀላልና ውብ ነበር፤ ለታመመ ልብ ተጨማሪ ኦክስጅን ማቅረብ ካልተቻለ የልቡን ፍላጎት እንቀንስ የሚል። ነገር ግን ፕሮፕራኖሎል በስብ በቀላሉ የሚሟሟ ሞለኪውል ነው። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ደግሞ ከሕዋሳት የተሠራ፣ የሕዋሱም ሽፋን ስብ ስለሆነ፣ በስብ የሚሟሟ ነገር ያለ ብዙ ችግር ያልፋል። ሜቶፕሮሎል በመጠኑ ያልፋል፤ ቢሶፕሮሎል ከመካከል ነው፤ በውኃ የሚሟሟው አቴኖሎል ግን ወደ አንጎል የሚገባው በጥቂቱ ነው። ደማቅ ሕልም ይበልጥ የሚነገርባቸው ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል መሆናቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንጎላችን መካከል ፒኒያል የምትባል ትንሽ እጢ አለች። ሲመሽ የነርቭ ጫፎች በእርስዋ ላይ ኖርአድሬናሊን ያፈስሳሉ፤ ይህም በቤታ ተቀባዮች አማካይነት እጢዋ ሜላቶኒን እንድትሠራ ያዝዛታል። ሜላቶኒን ለሰውነት ሌሊት መሆኑን የሚያበሥር ሆርሞን ነው። ተቀባዮቹ ሲታገዱ ብሥራቱ ይደክማል። ፒኒያል እጢ ደግሞ ከዚያ አጥር ውጭ የምትገኝ በመሆንዋ፣ ወደ አንጎል የማይገባው አቴኖሎል እንኳ ይደርስባታል። መድኃኒታቸው ወደ አቴኖሎል የተቀየረላቸው አንዳንድ ታካሚዎች «ሕልሙ ቀርቶልኛል፤ እንቅልፉ ግን አልተመለሰልኝም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህን እስክረዳ ድረስም እያማረሩ ይመስለኝ ነበር። በኦስትሪያ፣ በግራዝ ከተማ በጤነኞች ላይ በተደረገ ጥናት ቢሶፕሮሎል የሌሊቱን ሜላቶኒን ሲቀንስ ካርቬዲሎልና ኔቢቮሎል ግን ሳይቀንሱ ተገኝተዋል፤ በአንድ ስም የምንጠራቸው መድኃኒቶች በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም።

ይህ ከሕልም ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። አሴሪንስኪና ክሌይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ከቺካጎ እንዳስታወቁት፣ እንቅልፍ ዓይን ከቆቡ በታች በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል አለው፤ ሬም እንቅልፍ እንለዋለን። ደማቅ ሕልም በአብዛኛው የዚህ ክፍል ነው፤ ወደ ንጋት በተቃረብን ቁጥርም ክፍሉ ይረዝማል፤ የመምህሩ ወንድም ሊነጋጋ ሲል የሚመለሱት ለዚህ ነው። ሁላችንም በየሌሊቱ እናልማለን፤ የምናስታውሰው ግን በሕልሙ መካከል ወይም እንዳበቃ የነቃንበትን ነው። እንቅልፉ እየተቆራረጠ ብዙ ጊዜ የሚነቃ ሰው ብዙ ሕልም ያስታውሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሌሊቱን በቆራረጠው መጠን፣ ቀድሞ ሳናያቸው ያልፉ የነበሩት ሕልሞች አንድ በአንድ እየተያዙ ይቀርባሉ ማለት ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ወንድሜ ዱሮም ይጠራኝ ኖሯል» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 በበርሊን ያሉ ተመራማሪዎች 285 በፕላሴቦ ወይም በሌላ መድኃኒት የተነጻጸሩ ጥናቶችን፣ በድምሩ 53,533 ታካሚዎችን፣ አንድ ላይ መርምረው ነበር። ለረዥም ዘመን በቤታ ብሎከሮች ላይ ሲለጠፍ የኖረው የድብርት ክስ ሳይረጋገጥ ቀረ፤ ድብርት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከፕላሴቦው ይልቅ አልበዛም። ያልተለመደ ሕልምና የእንቅልፍ መታወክ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሊገናኙ እንደሚችሉ ታይቷል። ይህ ውጤት ለእኔ ሁለት ነገር ይነግረኛል፤ ታካሚዎች ስለ ሕልማቸው ሲናገሩ ልናምናቸው እንደሚገባና፣ ያገኛቸውን ኀዘን ሁሉ ግን በእንክብሉ ላይ መጣል እንደሌለብን።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይታከላል። ሜቶፕሮሎልን በጉበት ውስጥ የሚያፈራርሰው ሲ ዋይ ፒ 2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ከአንድ በላይ ቅጂ ስላላቸው መድኃኒቱን እጅግ በፍጥነት ያፈራርሳሉ። በሌላ በኩል ኢንዛይሙ የሚደክምባቸው ሰዎች አሉ፤ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሴቲንም ኢንዛይሙን ያግዳል። ስለዚህ ያው 50 ሚሊ ግራም በአንዱ ደም ውስጥ ጥቂት፣ በሌላው ውስጥ እጅግ ብዙ ሊሆን ይችላል። «እኔም ያንኑ እወስዳለሁ፣ ምንም አላየሁም» የሚለው ጎረቤት ውሸት አልተናገረም፤ ግን ማስረጃም አይሆንም።

እንግዲህ የሚያከራክረው ጥያቄ ይኸውላችሁ፤ ለታካሚው አስቀድመን እንንገረው ወይስ አንንገረው? አንዳንድ ባልደረቦቼ እንዳንነግር ይመክራሉ፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። በጣልያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 96 ወንድ ታካሚዎች ሁሉ አቴኖሎል ወሰዱ። የሚወስዱትን ከማያውቁት 3 ከመቶ ያህሉ፣ የመድኃኒቱን ስም ካወቁት 16 ከመቶ ገደማ፣ በወንድነት ላይ ችግር እንደሚያመጣ ጭምር ከተነገራቸው 31 ከመቶ ያህሉ ይህንኑ ችግር ገጠመን አሉ። መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑም አንድ ነበር። ቃል ራሱ ጎንዮሽ ጉዳት ያመጣል ማለት ነው። አበው ሕልም እንደ ፈቺው ነው ሲሉ ይህንን ሳያውቁ አልቀሩም።

ይህን ሁሉ አውቄ አሁንም መንገር ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴም ከልብ ክሊኒክ ሳይሆን ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የተማርሁት ነው። ዶሉቴግራቪር እስኪተካው ድረስ ብዙ ወገኖቻችን ኤፋቪሬንዝ ይወስዱ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ በቅዠቱ የታወቀ ነው። አማካሪዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሕልም ታያለህ፤ ከመኝታ በፊት ውሰደው፤ በጥቂት ሳምንታት ይቀልላል፤ ካልቀለለ ተመለስ» ይሉ ነበር። ሰዎቹ ቅዠቱን እየጠበቁት መጣላቸው፤ ከመጣም በኋላ ስም ነበረው፤ ዱካክ አልነበረም። ብዙዎቹም መድኃኒታቸውን ይዘው ቀጥለዋል። አንድ አማካሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያደርገው የነበረውን እኛ በልብ ክፍል ለመምህሩ አላደረግንም። የጣልያኑ ጥናት የሚያስተምረኝ ዝም በል የሚል ሳይሆን፣ አነጋገርህን አስተውል የሚል ነው።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሌሊቱን የሚያውከው በእርግጥ ቤታ ብሎከሩ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። የልብ ታማሚ እንቅልፍ የሚያጣባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ፉሮሴማይድን፣ ሕዝቡ ላሲክስ የሚለውን፣ ወደ ማታ የወሰደ ሰው ሌሊቱን በሽንት ሲመላለስ ያድራል፤ ሁለተኛው መጠን ከቀኑ 8 ሰዓት ባያልፍ ይሻላል። ኤናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳል ጎልቶ የሚሰማው ጸጥ ሲል ነው። የሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቋረጥ አለ፤ ይህን የሚነግሩን ታካሚው ሳይሆን አብረውት የሚተኙት ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ተኝቶ አየር የሚያጥረው፣ በሁለትና በሦስት ትራስ ካልተደገፈ የማይተኛ፣ ሌሊት ታፍኖ ተነሥቶ መስኮት የሚከፍት ሰው፣ ችግሩ ቅዠት ሳይሆን የልቡ መድከም ሊሆን ይችላልና በቶሎ መታየት አለበት። «የሚያፍነኝ ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል» የሚልን ሰው፣ ነገሩን ዱካክ ነው ብሎ ሳያጣራ ማሰናበት አደገኛ ነው።

ስለ ቡናም ዝም ማለት አልችልም። ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን የጠጣ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹን ገና በደሙ ይዞ ወደ አልጋው ይሄዳል። ቡናውን ይተው አልልም፤ ማንም አይሰማኝምና። ወደ ረፋዱ ይምጣ እላለሁ። ጫት ግን ሌላ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ መድኃኒቱ ሊያረጋጋው የሚሞክረውን ልብ ስለሚያስሮጥ፣ ለልብ ታማሚ አይሆንም። መጠጥም ለማስተኛት የሚረዳ ይመስላል፤ የሌሊቱን የመጀመሪያ ክፍል ሕልም አፍኖ በሁለተኛው ክፍል እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል።

ለመምህሩ ከሆስፒታል ሲወጡ በቅድሚያ የሰጠናቸው ደብተር ነው። መድኃኒቱን የወሰዱበት ሰዓት፣ የተኙበት፣ የነቁበት፣ ሕልም ካለ በአንድ ዐረፍተ ነገር። የታሪክ ሰው ናቸውና ሰነድ ማደራጀት አላስቸገራቸውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማታ ዘግይተው በወሰዱበት ቀን ሕልሙ እንደሚበረታ ከጽሑፉ ታየ። ከዚያ በኋላ ሐኪማቸው መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ በዝግታ ወደሚለቀው ዓይነት ቀይሮ ጧት ጧት እንዲወስዱት አደረገ። ሕልሙ ሳስ አለ፤ አልጠፋም። ወደ አቴኖሎል ለመቀየርም አስበን ነበር፤ ነገር ግን አቴኖሎል የሚወገደው በኩላሊት ነው፤ የእርሳቸው ኩላሊት ደግሞ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ከጉዳቱ በኋላ ልባቸውም ደክሟል፤ በደከመ ልብ ላይ ዕድሜ እንደሚያራዝሙ የተረጋገጠላቸው ደግሞ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና በዝግታ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል ናቸው። ተማሪዎች፣ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ «ሕልም ካመጣ በአቴኖሎል ቀይር» የሚለው ምክር ለአንዱ መልካም ሆኖ ሳለ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ሜላቶኒንስ? ፍራንክ ሺር የተባለው ተመራማሪ በቦስተን አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ለሚወስዱ 16 ሰዎች 2.5 ሚሊ ግራም ሜላቶኒን ለሦስት ሳምንታት ሰጥቶ፣ ከፕላሴቦው ጋር ሲነጻጸር እንቅልፋቸው በ36 ደቂቃ መርዘሙን እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን ካየነው አሠራር ጋር ይገጥማል፤ የታገደውን መመለስ ነው። ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መሞከር ይቻላል። ዲያዜፓምን የመሰሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መጨመር ግን፣ በተለይ ትንፋሹ በእንቅልፍ ለሚቋረጥ ሰው፣ አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ፕራዞሲን የሥነ ልቡና ቁስል ላለባቸው ወታደሮች የቅዠት መድኃኒት ሆኖ ሲታዘዝ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት ከፕላሴቦ እንደማይበልጥ አሳይቷል። የአድሬናሊን ነገር በአንድ እጅ ቅዠት ሲሰጥ፣ በሌላው ይፈውሳል ተብሎ ተስፋ ሲደረግበት ማየት ይደንቀኛል።

መምህሩን ከሁሉ ይልቅ የረዳቸው ግን መድኃኒት አልነበረም። ባሪ ክራኮው የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ዘዴ አለ፤ ተደጋጋሚ ቅዠት ያለበት ሰው በቀን፣ ነቅቶ ሳለ፣ ሕልሙን ይጽፋል፤ ከዚያም እንደወደደው ይለውጠዋል፤ የተለወጠውንም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በዓይነ ልቡናው ይመላለስበታል። ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ የታሪክ ሰነድ ሲያርሙ ኖረው አንድ ሕልም ማረም ያቅትዎታል?» አልኋቸው። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን አመጡልኝ። ወንድማቸውን ከማዶ ለማስወገድ አልሞከሩም፤ ወንዙን ነበር የቀየሩት። የበጋ ወንዝ አድርገውታል፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ወንድምየው ራሱ ተሻግሮ ይመጣና በዚህ በኩል ካለ ድንጋይ ላይ አብረው ተቀምጠው ስለ እናታቸው ያወራሉ።

ሕልሙ አሁንም ባይበዛም ይመጣል። ወንዙ አንዳንድ ሌሊት ሙሉ ነው፤ አንዳንድ ሌሊት ደረቅ። ባለፈው ወር ለክትትል ሲመጡ መድኃኒታቸውን አንድም ቀን እንዳላቋረጡ ባለቤታቸው መሰከሩላቸው፤ እርሳቸውም ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እያስኬዱት ነው።

 የቀረችንን ጊዜ ለጥያቄ እንተዋት፤ ከኋላ እጅ ያነሡት እናት ቢቀድሙ ደስ ይለኛል።